ፈጣምን ዋኝተው የሚያሻግሩን ሰው

ጣሊያን ፈጣም ወንዝ ላይ ድልድይ ሳይሠራ በፊት፣ ክረምት ሲሆን ሰውንም ዕቃውንም ዋኝተው የሚያሻግሩን አያ ተሰማ ነበሩ። ድልድዩ ባለቀ በዓመቱ ልጄን ክርስትና ላስነሳ ወደ ቡሬ ስሄድ፣ አርጅተው ድልድዩ አፍ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ነይ ልጄ፣ ላሻግርሽ» አሉኝ።

ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። እኔ ሕፃን አዝያለሁ። እምቢ ማለቱ ደግሞ አሳፈረኝ።

«አያ፣ ዛሬስ በዚህ ልለፍ» አልኋቸው መሬት መሬት እያየሁ።

«በጠላት ድልድይ? እናትሽን አንቺን እንዳረገዘች ያሻገርኋት እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ ነዎት።»

ቅር እንዳይላቸው ብዬ የልጄን የክርስትና ልብስ ከነጥቅሉ ሰጠኋቸው።

«ይኸን ያሻግሩልኝ» ስላቸው ፊታቸው በራ።

«ሂጂ፣ ማዶ ጠብቂኝ!»

ድልድዩ መሐል ስደርስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁና ዞርሁ። ምናለ ባልዞርሁ! አያ ተሰማ ጥቅሌን ታቅፈው፣ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ በድልድዩ ላይ ይከተሉኝ ኖሯል። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ጥቅሉን እግሬ ሥር አስቀምጠው ተመለሱና ወደ ወንዙ ገቡ።