የቲማቲሙ ድንኳን

ፊቴን የት ልደብቀው? ከዲላ ወጥቼ ጨለለቅቱ ገበያ ብሄድ እንኳ «ለቲማቲም ድንኳን የጣልሽው አንቺ ነሽ?» የሚለኝ አላጣም። አዎ፣ እኔ ነኝ።

እናቴ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ከአልጋ አትወርድም። አልጋዋን መስኮቱ ሥር አድርጌላታለሁ። ቲማቲም የተከልኩባትን ላስቲክ ቤት ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ዳር ያቆምኳት ግን ለእሷ ብዬ አይደለም። ግቢያችን ሌላ ባዶ ቦታ የለውም። ቀርከሃ አጉብጬ፣ የተሰጣ ቡና ዝናብ ሲመጣበት የሚያለብሱትን ጥርት ያለ ላስቲክ ዘረጋሁባት። እናቴ ታዲያ በላስቲኩ አሻግራ ሁሉን ታያለች። «የጥጓ ጠውልጋለች፣ ዓይንሽ የት ነው?» ትለኛለች። «ይቺኛዋ አበባ አወጣችልሽ!» ትለኛለች። ከታመመች ጀምሮ የምታዝበት ነገር አጥታ ነበርና ፊቷ በራ። እኔም እየተነጫነጭኩ ደስ ይለኝ ነበር።

በጋው ሲከር ቤቷ እሳት ሆነች። ቀትር ላይ ስገባ ትንፋሽ ያጥረኛል። ፀሐይዋ ጥርት ባለው ላስቲክ እንዳለች ገብታ ቅጠሉን ጠበሰችው፤ አበባው ፍሬ ሳይቋጥር ይረግፋል። ሌሊት ደግሞ ላስቲኩ ያልበውና ሲያንጠባጥብ ያድራል፣ ቅጠሉ ጥቁር ነጠብጣብ ጀመረው። እናቴ ከአልጋዋ ሆና የረገፈውን እያየች «ወይኔ ልጆቼን!» ትላለች። ግብርና የሚሠራ ዘመዳችን መጥቶ አየና «ብርሃኑ ይግባ፣ ግን ተበትኖ ይግባ። ነጭ ነገር አልብሺው፣ ጎንና ጎኑንም ክፈቺለት» አለኝ።

ነጭ ላስቲክ ከየት ይምጣ? ሱቅ ለሱቅ ዞሬ ያገኘሁት ስስ ነጭ የድንኳን ጨርቅ ነው። ባለሱቁ እየለካልኝ «በሰላም ነው?» አለኝ። «በሰላም ነው» አልኩት። ደንቆሮ! እኔ እኮ በሐሳቤ ያለው ቲማቲሜ ብቻ ነበር። አመሻሽ ላይ ላስቲኩን ገፍፌ ጨርቁን ወጠርኩት። «አሁን እኮ ምንም አይታየኝም» አለች እናቴ። «ፍሬ ሲይዝ አሳይሻለሁ» ብያት ወደ ጓዳ ገባሁ።

ጠዋት ውሃ ማጠጫዬን ይዤ ስወጣ የእድራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ወደ ግቢ ይገባሉ። አንዷ ንፍሮ ይዛለች። ነጭ ድንኳን፣ በሽተኛ ያለበት ደጅ፣ ሌላ ምን ይታሰባል? የእናቴ የልብ ወዳጅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ ሰፈር እስኪሰማ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ እሷም አረፈች፣ አንቺም ተገላገልሽ። ጌታ ያጽናሽ!» አለችኝ።

«አሜን» አልኩ።

ከአፌ አመለጠኝ። ያጽናሽ ሲባል አሜን የማይል ማን አለ? መስኮቱ ግን ክፍት ነበር።

«ማን ነው የሞተው?» አለች እናቴ ከውስጥ።

ሴቶቹ ባሉበት ደረቁ። አንዷ እሪ ብላ ወደ መንገድ ሮጠች። ሌሎቹ ነገሩ ሲገባቸው ተንጋግተው ገብተው እግሯ ላይ ወደቁ። እናቴ ሳቀች። «ለቅሶ የደረሰ ሰው ከደጅ አይመለስም፣ ተቀመጡ። ንፍሮዬንም ወዲህ በሉት» አለች፤ በደህናው እጇ እየዘገነች የራሷን ንፍሮ በላች። «ማን እንደመጣ አይቻለሁ፣ የቀረውንም አውቄዋለሁ» ስትል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ብቻ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

የሚያሳፍረኝ ድንኳኑ አይደለም። በድንኳኑማ ከሰው ጋር እስቃለሁ። ያቺ አሜን ናት የምታቃጥለኝ። ለየትኛው ነው ያልኩት? ለያጽናሽ ነው ወይስ ለተገላገልሽ? ሲደክመኝ፣ አንሶላ ሳጥብ፣ ስንት ነገር በልቤ አልፏልና ለራሴም ምዬ መናገር አልችልም።

ጨርቁ ሥራውን ሠራ። ውስጡ ቀዝቀዝ አለ፣ ብርሃኑ ለስለስ ብሎ እስከ ታችኛው ቅጠል ይደርሳል፣ አበባው መቋጠር ጀመረ። በመስኮቱ በኩል ያለውን ጎን እስከ ወገብ ጠቅልዬ አሰርኩላት፤ አየሩም ይገባል፣ እሷም ታያለች። ታያለች፣ ግን አታዝም። ጠወለገች አትለኝም፣ አበባ አወጣች አትለኝም። እባክሽ ተቆጪኝ ልላት ይዳዳኛል።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያውን ቀይ ቲማቲም ቆርጬ አጥቤ ሰጠኋት። በደህናው እጇ አገላበጠችው፣ አሸተተችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «ለከርሞም በሰላም ያድርሰኝ።»

አሜን ብል ያን ቀን ያልኩት ትዝ ሊላት ነው፣ ባልል ደግሞ የባሰ ነው። እየጠበቀች አየችኝ።

«አሜን በይ እንጂ» አለችኝ፤ «ያን ቀን ቶሎ ብለሽ አልነበር?»