ዛፉን የዳረው ሌንስ

በዕድሜ የሚበልጠኝን ሰፊ ሌንስ ገዛሁና ካሜራዬ ላይ አልገጥም ቢለኝ፣ አዘዞ ከተማ ወፍጮ የሚጠግን ባለሙያ ማያያዣ ቀለበት አበጀልኝ። ካሜራዬ ላይ ዓይኔን አስጠግቼ የማይበት መስኮት ከሌንሱ የተለየ ስለሆነ፣ እኔ ጥቂት ሳይ ሌንሱ አገር ምድሩን ያያል። ይህን ሊቅነቴን ይዤ ቀሐ ሰፈር ሠርግ ላነሳ ሄድሁ።

በማግስቱ ሙሽራዋ ፎቶዎቹን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ምነው እኔን ጉንዳን አሳክለህ ዛፉን፣ አጥሩን፣ የቆመውን ማኪና ሁሉ ሰበሰብህ?»

«ጥበብ ነው» አልኋት በኩራት።

«ዛፉ ነው እንዴ የተዳረው?»

ድንገት ጣቷ ፎቶው ጥግ ላይ ቆመ። ከዛፉ ጀርባ፣ «ሠርግሽን አልረግጥም» ብለው የማሉት አባቷ በጋቢያቸው ጫፍ እንባቸውን ይጠርጋሉ።