እስከ መጨረሻው ያልተሰሙት መምህርት አስካለ

የታሪክ መምህርቷ ወይዘሮ አስካለ አየለ ባለፈው ማክሰኞ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ማረፋቸው የታወቀው፣ ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ባለባጃጅ ክላክስ እያሰማ ቢጠብቃቸው ሳይወጡ በመቅረታቸው ነው። በማግሥቱ ቀብራቸው ላይ የተገኘነው ጥቂት ሰዎች ነበርን። ይህን የምጽፈው በከተማውም ከከተማው ውጭም ለምትገኙ ተማሪዎቻቸው ነው። ብዙዎቻችሁ አልሰማችሁም።

የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነበሩ። ከዚራ ሰፈር ተወልደው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ድሬዳዋ አስተማሩ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸው አርፈዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ መስኮቶቹን በየተራ ይከፍታሉ፤ ጠመኔ የሚያነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ረመዳን በሙቀቱ ወራት ሲውል ፈተናቸውን ወደ ማለዳ ያዞሩ ነበር። አንድ ክርስቲያን ተማሪ «ለእነሱ ተብሎ እኛ ለምን እንቅልፍ እናጣለን?» ብሎ ሲያጉረመርም ሰሙት። «ማለዳ ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅህም» አሉትና ክፍሉ ሳቀ፤ ልጁም ሳቀ።

እኔ የማስታውሳቸው ግን ከሁሉ በላይ በአንድ ትምህርት ነው። የአይሁድና የአረቦች ጠብ ከየት እንደመጣ የሚያስተምሩበት ትምህርት ነው። ክፍላችን ግማሹ ክርስቲያን፣ ግማሹ ሙስሊም ነበር። ሁልጊዜም አንድ ሰው ነገሩ ከአብርሃም ቤት፣ ከይስሐቅና ከእስማኤል ጀምሮ የመጣ ነው ይላል። መምህርት አስካለም «ሁለቱ ወንድማማቾች አባታቸውን አብረው ነው የቀበሩት። ለቅሶው ሳያልቅ ጦርነት አታስጀምሩብኝ» ይሉ ነበር።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ካርታ ይስሉና በቅደም ተከተል ይናገራሉ። በእሳቸው አገላለጽ ይህ ጠብ የሺህ ዓመታት ቂም አይደለም፤ በአያቶቻችንና በአያቶቻችን አባቶች ዕድሜ የተጀመረ ነው። ከዚያ በፊት አይሁድ በብዙ የአረብ ከተሞች ኖረዋል፤ እኩል ባይሆኑም፣ ክፉ ቀን ባይጠፋም፣ በጉርብትና ኖረዋል። በአውሮፓ፣ በተለይ በሩሲያ ግዛት፣ ሕዝብ እየተነሣባቸው ሲገደሉ፣ ከመካከላቸው «የራሳችን አገር ከሌለን አንድንም» ያሉ ተነሡ፤ በቱርክ አገዛዝ ሥር ወደነበረችው ፍልስጥኤም መሄድ ጀመሩ። ጥቂት ወገኖቻቸው ከዚያች ምድር ጨርሶ አልወጡም ነበር። ምድሪቱ ግን ባዶ አልነበረችም። አረብ ገበሬዎችና ከተሜዎች ይኖሩባት ነበር፤ እነሱም ራሳቸውን ስለማስተዳደር ማሰብ ጀምረዋል። ሩቅ የሚኖሩ ባለመሬቶች መሬቱን ሲሸጡ ያረሰው ገበሬ ተፈናቀለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንግሊዞች ለአረቦች አንድ ቃል፣ ለአይሁድ ሌላ ቃል ሰጡ። ከዚያ በአውሮፓ የአይሁድ እልቂት መጣ። ምድሪቱ ትከፈል ተባለ፤ ጦርነት ሆነ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፍልስጥኤማውያን ተባረውም ሸሽተውም ከቤታቸው ወጡ፤ መመለስም ተከለከሉ። በኋላም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አይሁድ ከአረብ አገሮች ተሰደዱ።

መሃል ላይ ጥያቄ አይቀበሉም ነበር። «መሃል ላይ የሚነሣ ሰው ግማሹን ይዞ ነው የሚሄደው፤ በግማሹ ደግሞ ይጣላበታል» ይሉናል። ክፍል ውስጥ ደወሉ እስኪደወል ማንም አይወጣም። ከክፍል ውጭ ግን ሰውን የሚያስቀምጥ ደወል አልነበራቸውም።

የአሁኑ የጋዛ ጦርነት በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር መምህርት አስካለ ጡረታ ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። የጽዋ ማኅበራቸው ሴቶች እስራኤል ውስጥ ለተገደሉትና ታግተው ለተወሰዱት ሰዎች አለቀሱ፤ እሳቸውም አብረው አለቀሱ። ከመካከላቸው አንዷ፣ እግዚአብሔር የሰጠው ምድር ላይ ምን ክርክር ያስፈልጋል አለች። መምህርት አስካለ ከመጀመሪያው ጀምረው ማስረዳት ያዙ። የተፈናቀሉት ገበሬዎች ጋ ሲደርሱ ነጠላ መሰብሰብ ተጀመረ። «እትዬ አስካለ፣ ሰለሙ እንዴ?» አለቻቸው አንዷ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ጥሪ እየዘገየ ይደርሳቸው ጀመር፤ ኋላም ቀረ።

ይህን ቻሉት። ያልቻሉት የወይዘሮ ሂቦን መቅረት ነው።

ወይዘሮ ሂቦ መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ሁለቱ የተዋወቁት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ነው። ወይዘሮ ሂቦ ቀትር ላይ ሱቃቸውን ሲዘጉ ወደ ሳቢያን ይመጡና ሙቀቱ እስኪበርድ አብረው ሻሂ ይጠጡ ነበር። መምህርት አስካለን «አባዮ» ይሏቸው ነበር፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው። ለመጨረሻ ጊዜ የመጡ ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ወይዘሮ ሂቦ ከፍርስራሽ ሥር የሚወጡ የጋዛ ሕፃናትን በቴሌቪዥን ሲያዩ አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። ሳይቀመጡ ጀመሩ፦

«አስካለ፣ አንቺ ታሪክ ታውቂያለሽ። እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የመጡት?»

መምህርት አስካለ ለተጠየቁት መለሱ፤ ከመጀመሪያውም ጀመሩ። በሩሲያ የተገደሉት አይሁድ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ ሂቦ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው ተነሡ። «እኔ የሞቱ ልጆች አይቼ ነው የመጣሁት። አንቺ ለገዳዮቹ አያቶች ታለቅሺልኛለሽ?»

«ቁጭ በይ ሂቦ፣ አልጨረስኩም።»

«አቦ ተይኝ!» ብለው ወጡ። ዳግመኛ አልመጡም።

እኔ በየቅዳሜው እሄድ ነበር። ሬዲዮ ተከፍቶ፣ ማንም የማይቀመጥበት ሁለተኛ ወንበር በረንዳው ላይ ወጥቶ አገኛቸዋለሁ። ይቅርታ ቢጠይቋቸው ምን አለበት አልኳቸው። መጠየቃቸውን ነገሩኝ፤ የምታለቅስ ሴት ፊት ትምህርት መጀመራቸው ስህተት እንደነበር በባለባጃጁ በኩል ልከውላቸዋል። የተናገሩት ነገር ግን ስህተት ነው አላሉም። በሚቀጥለው ሲገናኙ ያን ወሬ ቢተዉት ይሻላል ብዬ ደገምኩ። ሬዲዮውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ዝም ብልማ ነገ ትመጣለች። ግን የምትመጣው ወደ ማን ነው?»

በረመዳን ከመጋላ አንድ ሳህን ሳምቡሳ ተላከላቸው፤ መልእክት አልነበረውም። በፋሲካ ሳህኑን ድፎ ዳቦ ሞልተው መለሱ። ባለባጃጁ ሁለቱም ስለ ጤና ብቻ እንደሚጠይቁት ነግሮኛል። ሥራዬ ሰዎች ያሉትን መዘገብ ነው፤ ይህን ሳህን ግን እንዴት እንደምዘግበው አላውቅም።

በሣልስታቸው ዕለት ወይዘሮ ሂቦ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያን ቀን መምህርት አስካለ ምን ሊሏቸው እንደነበር እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ካቆሙበት ጀመርኩ። የአይሁዱን ስደት፣ መሬቱ የተሸጠበትን ገበሬ፣ ሁለቱን የእንግሊዝ ቃሎች፣ እልቂቱን፣ ጦርነቱን፣ ቤታቸውን ትተው የወጡትን ፍልስጥኤማውያን፣ ከአረብ አገር የወጡትን አይሁድ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ሂቦ ሻሻቸውን እያስተካከሉ እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ሁለት ቦታ ላይ ተሳስታለች» አሉ።

የትኞቹ እንደሆኑ ጠየቅኳቸው።

«ለአንተ አልነግርህም ልጄ። ለእሷ ነበር የምነግራት።»

መምህርት አስካለ ሆይ፣ የማቀርብልዎት ዘገባ ይኸው ነው። ወይዘሮ ሂቦ እስከ መጨረሻው ሰምተውዎታል፤ አልተስማሙም። እርስዎ ይህን እንደ ሽንፈት እንደማይቆጥሩት አውቃለሁ፤ ወንበሩን ይስቡላቸው ነበር፤ ሻሂውም ይቀዳ ነበር። እኔ በእርስዎ ፋንታ ልከራከር አልችልም። ሁለቱ ቦታዎች የትኞቹ እንደሆኑም ሳላውቅ እኖራለሁ። በረንዳዎ ተዘግቷል። ቅዳሜ ሲደርስ ወደ ሳቢያን የሚያስኬደኝ ጉዳይ የለኝም። በሰላም ይረፉ፣ መምህሬ።