እናቱ የት ደረሰች?

ወንድሜ ሐሙስ ጠዋት «ሐዋሳ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ አንድ የጀርባ ቦርሳ ይዞ ከቤት ወጣ። ቅዳሜ ከሞያሌ ደወለ። መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ሱቃችን ውስጥ ለአንዲት ደንበኛ የስልክ ከቨር እየሞከርኩላት ነበር።

«ለእማዬ ቀስ ብለሽ ንገሪያት» አለኝ።

«ምኑን ነው ቀስ ብዬ የምነግራት?»

«ደቡብ አፍሪካ ልሄድ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር ነኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም።»

ሌላ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ስልኩን ስዘጋ ደንበኛዋ ከቨሩን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄዳለች።

ሱቃችን ሱቅ ይባል እንጂ ከአንድ የገበያ ጋለሪ ደረጃ ሥር ያለች፣ ሁለት ሰው ከተቀመጠባት ሦስተኛው የማይገባባት ቦታ ናት። እኔ ከቨር፣ ቻርጀርና ኢርፎን እሸጣለሁ። እሱ ባንድ አሮጌ ኮምፒውተር ለሰው ፊልም ይጭን ነበር። ድሮ ፍላሽና ሚሞሪ ይዞ የሚሰለፍለት ሰው ብዙ ነበር። የሰውየውን ፊት አይቶ ምን እንደሚወድ ያውቃል። ከዚያ ሁሉም በገዛ ስልኩ ማውረድ ጀመረ። የመጨረሻውን ዓመት ወንድሜ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ የሚያየው ለራሱ ነበር፤ የሚያየውም አንድ ነገር ብቻ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲከታተለው የኖረ የጃፓን አኒሜ። ከአምስት መቶ ክፍል በላይ አለው፤ ገና አላለቀም።

ከናይሮቢ አንዴ ጻፈልን። «ደህና ነኝ፣ ስልኬ ላይሠራ ይችላል፣ አትጨነቁ» ይላል። ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም።

እናቴ አንዋር መስጊድ አካባቢ ሳፋና ጆግ የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አላት። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ከእሁድ በቀር ዘግታት አታውቅም ነበር። ወሬው ከጠፋ በሦስተኛው ሳምንት ግን ቁልፉን ሰጠችኝና መሳለሚያ ያለው ቤታችን ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከሰፈር አብረውት የሄዱት ልጆች ቤተሰቦች ጋር እየዞርኩ ጠየቅኩ፤ እነሱም እኔን ይጠይቁኛል። የወሰዳቸው ደላላ ስልክ ዝግ ነው። ለእናቴ የማመጣላት ምንም አልነበረኝም።

አንድ እሁድ ከዙሁር ሰላት በኋላ ከወንድሜ መሳቢያ ሀርድ ዲስኩን አውጥታ ይዛ ጠበቀችኝ።

«ያ ካርቱን እዚህ ውስጥ ነው ያለው?»

እሱ ቢኖር «ካርቱን አይደለም፣ አኒሜ ነው» ብሎ ያርማት ነበር። «አዎ» አልኳት።

«ክፈችልኝ። ምን እያየ እንዳደገ ልወቅ።»

ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ከሥር የሚሄደውን ጽሑፍ እያነበብኩ ባማርኛ እነግራት ጀመር።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወንዛቸው በድንገት የደረቀባቸው መንደር ውስጥ አንድ ልጅ ይኖራል። ወንዙን ማን እንደወሰደው ፈልጎ ሊያገኝ ከቤቱ ይወጣል። በመንገዱ ከድንጋይ ጋር የምታወራ ልጅ፣ ደም ሲያይ የሚያዞረው ወፍራም ጎራዴኛና ሰው የሚሸከም ተናጋሪ አውሬ ያገኛል። አራቱ እየተጣሉና እየታረቁ ከአገር አገር ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ክፍል እናቱ በር ላይ ቆማ አንድ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ትሰጠዋለች። አታለቅስም። ዝም ብላ ታየዋለች።

እናቴ እዚህ ጋ አስቆመችኝ። «ወዴት እንደሚሄድ ነግሯታል?»

«ነግሯታል።»

«እሺ፣ ቀጥዪ።»

በየእሁዱ፣ በሥራ ቀን ደግሞ ከመግሪብ ሰላት በፊት ሱቅ ዘግቼ እየመጣሁ እናይ ጀመር። እኔ ይሄን አኒሜ ወንድሜ ሲያየው ከጎኑ ሆኜ ሰምቼዋለሁ እንጂ ከልቤ ተከታትዬው አላውቅም ነበር። አሁን ሳየው ለምን እንደያዘው ገባኝ። የሚደርሱበት ከተማ ሁሉ የራሱ ምግብ፣ የራሱ ሕግ፣ የራሱ ስድብ አለው። በአሥራ ምናምነኛው ክፍል ሁለት ደቂቃ ታይቶ የሄደ ጨው ሻጭ፣ ከሁለት መቶ ክፍል በኋላ ይመጣና ያን ቀን ለምን ፈገግ እንዳላለ እንረዳለን። ለትንሽ ሰው እንዲህ የሚጠነቀቅ ታሪክ ብዙ አላየሁም። ልጁም ሲያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይሄን እናቴ ወደደችለት።

ጉድለቱም ግን ብዙ ነው። አንድ ጠብ ተጀምሮ እስኪያልቅ ስምንት ክፍል ይፈጃል። ተዋጊው ጎራዴውን ካነሳ እስኪያወርደው ድረስ ያለፈ ሕይወቱን በሙሉ ያስባል። በየክፍሉ መጀመሪያ ትናንት ያየነውን እንደገና ያሳዩናል፤ እናቴ «ይሄንንማ አይተነዋል፣ እለፊው» ትላለች። ሳምንታት የሚራመዱበት በረሃ ውስጥ አይርባቸውም፣ ጫማቸውም አያልቅም።

ከሁሉም የባሰው የሞቱት ሰዎች ነገር ነው። ወፍራሙ ጎራዴኛ ድልድይ ላይ ሲሞት እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች አለቀሰች። ከአርባ ክፍል በኋላ ሰውየው እየሳቀ ብቅ አለ። እኔ ደስ አለኝ፣ እሷ ግን ተቆጣች።

«ታዲያ ለምን አስለቀሱኝ? አባትሽ ከሞተ ስድስት ዓመቱ፤ አንድ ቀን በዚህ በር ገብቷል?»

ሌላው ጥያቄዋ ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ አስቸገረኝ። አሥር ክፍል ባየን ቁጥር ትጠይቃለች፤ «እናቱስ? የት ደረሰች?»

እናትየው የለችም። ከመጀመሪያው ክፍል በኋላ ልጁ ዳቦውን ሲበላ አንዴ አነሳት፤ ከዚያ ጠፋች። ሦስት መቶ ክፍል ስናይ ደራሲው ወደዚያ በር አንዴም አልተመለሰም።

አንድ ቀን አውሬው ልጁን «ቤትህ የት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ አንዲት ቃል መለሰ፤ «ሩቅ»። እናቴ ወደኔ ዞረች። ፊቷን አየሁትና አፌ በራሱ ጊዜ ተናገረ። «ሩቅ ነው። እናቴ አሁን ምን እያደረገች ይሆን ይላል።»

እናቴ ቀና ብላ ተቀመጠች። «እንደገና በይው።»

እንደገና አልኩት።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ልጁ እሳት ሲያነድ «እናቴም እንዲህ ነበር የምታነደው» አስባልኩት። ዝናብ ሲዘንብ «እናቴ ልብስ አስገብታ ይሆን» አስባልኩት። እናቴ አንዳንድ ቀን ሙሉ ሳህን መብላት ጀመረች። ይሄ ሲሠራልኝ ደግሞ የባሰውን አደረግኩ። አንድ ማክሰኞ ከሱቅ ስመለስ «በሰው ስልክ ቴሌግራም ጽፎልኛል፤ ደህና ነኝ፣ መንገድ ላይ ነን፣ ለእማዬ ሰላም በይልኝ ይላል» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለችና በግንባሯ መሬት ነካች። በነጋታው ሱቋን ከፈተች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንዲህ ዋሸኋት። እያንዳንዱን ውሸት ተናግሬ ስጨርስ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ አለቅስ ነበር፤ ምክንያቱም እኔ ያን ጊዜ ወንድሜ ሞቷል ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

የተያዝኩት እሁድ ነው። ልጁ ቆስሎ ተኝቶ ሳለ አንድ ነገር አቃሰተ። እኔ ረጅም ዓረፍተ ነገር ተረጎምኩላት፤ እናቱ በሕልሙ እንደመጣች፣ እንደዳበሰችው ምናምን። እናቴ ሪሞቱን ከእጄ ወሰደች። ወንድሜ እንዳስተማራት ወደኋላ መለሰችው፣ ደግማ ሰማችው።

«አፉን የከፈተው አንዴ ነው» አለች።

አቆመችውና ሪሞቱን አጠገቧ አስቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከ… ቤትህ የት ነው ካለው ጀምሮ።»

ረጅም ጊዜ ስክሪኑን አየች። ልጁ አፉን እንደከፈተ ቆሟል። ከዚያ ወደኔ ሳትዞር፣ «የስልኩስ?» አለችኝ።

አንገቴን ደፋሁ፤ ገባት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትመታኝ ይቀለኝ ነበር። ተነስታ ተጣጥባ ውዱእ አደረገች፣ የአስርን ሰላት ሰገደች፣ ስግደቱ ላይ ከወትሮው ቆየች። መስገጃ ምንጣፏን አጣጥፋ ስትጨርስ እንዲህ አለችኝ።

«ከእንግዲህ ያለውን ብቻ ንገሪኝ። ከሌለ የለም በይኝ። እኔ በሌለ ነገር ሦስት ሳምንት ጠገብኩ።»

«እሺ እማዬ።»

«ይሄን የጻፈው ሰው» አለች ወደ ቴሌቪዥኑ እያየች፣ «ወይ ከቤቱ ወጥቶ አያውቅም፣ ወይ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል።»

ሱቋን እንደገና ዘጋችው።

በዚያ ሳምንት ውስጥ፣ ከአርብ ሰላት በኋላ መንገዱ ሰው በሰው እንደሆነ፣ ከወንድሜ ጋር ከሄዱት ልጆች አንዱ ሱቄ በር ላይ ቆመ። መጀመሪያ አላወቅኩትም። ጉንጩ ገብቷል፣ የለበሰው ሹራብ የሌላ ሰው ይመስላል። ከታንዛኒያ መልሰውት ከመጣ አራት ቀኑ ነበር፤ አራቱን ቀን ወደኛ ለመምጣት ድፍረት እንዳጣ ነገረኝ። የወንድሜ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

«ወንድሜስ?»

«ትኩሳት ያዘው» አለኝ መሬት እያየ። «ጫካ ውስጥ በእግር ሦስተኛ ቀናችን ነበር። መሄድ አልቻለም። መንገድ የሚመሩን ሰዎች ተዉት አሉን። ከመኪና መንገድ አጠገብ ዛፍ ሥር አስቀመጥነው።»

«ለምን አልተሸከማችሁትም?»

«ራሴን መሸከም አልቻልኩም ነበር እህቴ።»

አኒሜው ውስጥ ወፍራሙ ጎራዴኛ አንድ ጊዜ እግሩ ተሰብሮ ሦስቱ ጓደኞቹ ተራራ ሙሉ ተሸክመውት ይሄዳሉ። አራት ክፍል ይፈጃል፤ ሲያዩት ያሰለቻል፤ አንድ ዓይነት ዳገት፣ አንድ ዓይነት ላብ። ሳየው እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል። ያን ቀን ወንበሩ ላይ ያለውን ልጅ እያየሁ እነዚያን አራት ክፍሎች አሰብኩ። ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ግን ውሃ ቀድቼ ሰጠሁት።

ከእናቴ ልደብቀው እችል ነበር። ልጁንም «ለማንም አትናገር» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ሱቁን ዘግቼ በሰው መሃል እየተጋፋን መሳለሚያ ድረስ ይዤው ሄድኩ። እናቴ ሁሉንም ሳታቋርጠው ሰማችው። ከዚያ ጠየቀችው።

«ውሃ ነበረው?»

«ነበረው እናቴ። ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ትተንለታል።»

«ስትሄዱ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር?»

ልጁ ማልቀስ ጀመረ። «ተከፍቶ ነበር። እያየን ነበር።»

እናቴ ራሱን ወደ ጉልበቷ ሳብ አድርጋ ያዘችው። እኔ ማድረግ ያልቻልኩትን እሷ እንዴት እንደቻለች ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉት አምስት ሳምንታት በሕይወቴ ከሁሉም የከፉት ናቸው። እናቴ ለቅሶ እንቀመጥ አላለችም፣ አለ ብላም አላወራችም። ጎረቤቶች ሲመጡ ምን እንደሚሉ ግራ ይገባቸው ነበር፤ አንዳንዶቹ «አላህ ይመልሰው» ይላሉ፣ አንዳንዶቹ «አላህ ይማረው» ሊሉ ጀምረው ይውጡታል። አኒሜውን አላየንም። እኔ በየመሥሪያ ቤቱ የሱን ፎቶ ይዤ ተሰለፍኩ፤ ስሙን ጻፉ፣ ስልኬን ጻፉ፣ «እንደውልልሻለን» አሉኝ።

የደወለው ግን ራሱ ነው። ረቡዕ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር።

«እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። አንድ ሾፌር ከዛፉ ሥር አንስቶት ሆስፒታል እንዳደረሰው፣ ከዚያ ያለ ፈቃድ ገባህ ተብሎ እንደታሰረ፣ የእስር ቤቱ ስልክ የተሰጠው ለሁለት ደቂቃ እንደሆነ በጥድፊያ ነገረኝ። ያን ዕለት እናቴ ሱቄ መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደረግኩላት።

«በልተሃል?» አለችው።

የመለሰላትን አልሰማሁም።

«ታስላለህ እንዴ?» አለችው ቀጥላ። ከዚያ ዝም ብላ ሰማች። መስመሩ ከተቋረጠ በኋላም ስልኩን አላወረደችውም፤ ከእጇ ላስለቅቃት ሞከርኩ፣ ትንሽ ቆይታ ለቀቀችው።

ከታሰረ አሁን አምስት ወር ሊሆነው ነው። መቼ እንደሚለቁት የሚነግረን ሰው የለም። ተመላሾችን የሚያመጣ አውሮፕላን አለ ሲባል ሁለት ጊዜ ቦሌ ሄደናል፤ ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ ቆመን የወጣውን ሁሉ አይተን ተመልሰናል። ከዚያች ረቡዕ ወዲህ አንዴ ደውሏል፤ ሳሉ በርትቶበታል። አብረውት ከታሰሩት የኛ አገር ልጆች አንዱ መሞቱንም የነገረን ያን ጊዜ ነው፤ ይሄንንም ለእናቴ እንዳለ ነገርኳት።

እናቴ ሱቋን ዳግም ከፍታለች፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮ በሩን እያነሳሁላት ትጠይቀኛለች።

«ደወለ?»

«አልደወለም።»

«እሺ» ትላለች፤ ሳፋዎቹን በየመጠናቸው ደርድራ ትቀመጣለች፣ እኔም ወደ ዱባይ ተራ እሄዳለሁ።