ድንበር ያልተሻገረው ወይራ

አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልለየሁም ነበር። እናታችን ብትኖርም፣ ኑሮውን ተሸክሞ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። ላሊበላ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ቤት ውስጥ ከደረቅ ወይራ መስቀል፣ ማንኪያና ሳህን እየጠረበ ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። በዚያ ሥራ ነው እኔን ያስተማረኝ። የውጭ ቋንቋ ለምጄ አስጎብኚ የሆንኩ ዕለት ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ «ከእንግዲህ የምለውን ሁሉ ለፈረንጅ የምትነግርልኝ እህት አለችኝ» እያለ ሲስቅ ዋለ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እንግዳው ቀረ፣ መብራት ጠፋ፣ ሰው የሚያነደው ሲያጣ አጠገቡ ያለውን ዛፍ ቆረጠ። ማንም በማንም አልፈረደም። ነገር በረድ ብሎ ቀና ብለን ስናይ ግን ተራራው ተራቁቷል። ወይራና ጥድ እንደ ድሮው የቀረው በአድባራት ዙሪያ ብቻ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የእናታችን አገር ደብር ነው። ከከተማው ወጥቶ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለ ደብር። ወይራዎቹ ከቅጥሩ አልፈው እስከ ገደሉ ግርጌ ይወርዳሉ። አያቶቻችን የተቀበሩት በዚያ ጥላ ሥር ነው።

እንግዶች እንደገና ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ፣ ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ አንዲት የውጭ አገር ሴት አስከትሎ መጣና ለትርጉም ቀጠረኝ። ነገሩን ሲያስረዱኝ ደስ አለኝ። እንጨትና የእንጨት ዕቃ የሚገዙት አገሮች ከእኛ አገር ጋር የንግድ ስምምነት ለማድረግ እየተነጋገሩ ነው አሉኝ። ስምምነቱ ከጸደቀ፣ በሕገወጥ መንገድ የተቆረጠ እንጨት ድንበራቸውን አያልፍም፤ በሕግ የተቆረጠው ግን በሩ ወለል ብሎ ይከፈትለታል። ከመፈረሙ በፊት በትንሹ ይሞከር ተብሎ የእኛ አካባቢ ተመርጧል። የሚቆረጠው የደረቀ ወይም ነፋስ የጣለው ዛፍ ብቻ ይሆናል። ጉቶው ላይ በቀለም ቁጥር ይጻፋል፤ ያው ቁጥር ግንዱ ላይ ይጻፋል፤ ዕቃ ሆኖ እስኪወጣም ይከተለዋል። ማንኪያዋን የገዛ ሰው፣ እንጨቷ ከየትኛው ጉቶ እንደመጣች ይደርስበታል።

ይህንኑ ለደብሩ ሰዎች ለማስረዳት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ እስከ መጨረሻው ሰሙ። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ እናቴን ያጠመቁ አረጋዊ ቄስ ናቸው፤ አባ እንላቸዋለን። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ፣

«ልጄ፣ እስቲ ጠይቂልኝ» አሉኝ። «ይህ ውል የሚይዘው ማንን ነው? እኛን ነው ወይስ እነሱን?»

ተረጎምኩት። ሴትየዋ «ሁለቱንም» አለች።

አባ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልረኩም። ደኑ እስከ ዛሬ የኖረው በግዝት ነው፤ ደረቅም ቢሆን መጥረቢያ ገብቶበት አያውቅም። አንዴ በሩ ከተከፈተ ማን ይዘጋዋል ብለው ነው የፈሩት። ያኔ ከትርጉሜ ወጥቼ የራሴን ተናገርኩ።

«አባ፣ ከጠራቢዎቹ ተመርጦ ዛፉን እየለየ ቀለም የሚቀባው እኮ ባዳ አይደለም። ወንድሜ ነው።»

ቀና ብለው አዩኝ። «የእናትሽ ልጅ ከሆነማ» አሉ፣ «እሱን አምነን እንገባበታለን።»

የመጀመሪያው በጋ መልካም ነበር። ወንድሜ የደረቀውን እየለየ ቀለሙን እየቀባ፣ የደኑ ጠባቂ እየቆሙ፣ የወረደውን እንጨት ከእሱ ጋር የተደራጁት ጠራቢዎች ይሠሩት ጀመር። ከጦርነቱ ወዲህ ሥራ ፈተው የነበሩ ሰዎች እጃቸው ላይ የእንጨት ብናኝ ይዘው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ማየት ደስ ይል ነበር። የላክነው ዕቃ ያለ እንከን አለፈ ሲባል፣ ወንድሜ ከሁሉ በፊት ወደ እኔ ሮጦ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ። በከተማው መንገድ ላይ ስሄድ እሱን ወንድሜ ማለት ኩራት ሆነልኝ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አባ ሰው ላኩብኝ። «ነይና የሆነውን በዓይንሽ እይ» ብለዋል።

ደብሩ ስደርስ ሰላምታዬን እንኳ በወጉ አልተቀበሉም። መቋሚያቸውን ይዘው ከፊቴ ቀደሙ። በቅጥሩ ዙሪያ ያለው እንደ ነበረ ነው። ወደ ገደሉ ስንወርድ ግን ሰማዩ ታየኝ። እዚያ ቦታ ሰማይ አይታይም ነበር። ትልልቆቹ ወይራዎች የሉም። ጉቶዎቹን ቅጠል አልብሰዋቸዋል፤ አባ በመቋሚያቸው ገለጥ ሲያደርጉት እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ያልደረቀ፣ ያልታመመ። በላዩም ቀለም አለበት። ቁጥር።

ጠባቂው ከኋላችን ቆመዋል። ጎልማሳ ሰው ናቸው፤ ነጠላቸውን አደግድገው መሬት መሬት ያያሉ።

«እንዴት ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ቀለም ያለበትን አትከልክል ተብያለሁ እኮ» አሉ። «ቀለም ባይኖርበት በጮህኩ ነበር። ወንድምሽ ሰው አስከትሎ ሲመጣ ጠየቅሁት። እህቴ አስፈቅዳለች፣ ከውጭ አገሮቹ ጋር ተነጋግራ ጨርሳለች አለኝ። አንቺን ካለኝ ምን ልበል?»

አባ ቅጠሉን በመቋሚያቸው መልሰው አለበሱትና ዳገቱን ብቻቸውን ወጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ከተማ እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። ወንድሜን ከሥራ ቤቱ አገኘሁት። ገና ፊቴን ሲያይ መሮውን አስቀመጠ።

«እታለም፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። የገደሉን ወይራ ማን ቆረጠው?»

እጁን በሱሪው ጠረገ። «አንዱም ባሕር አልተሻገረም» አለኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ውሉ የሚጠይቀው ወደ ውጭ የሚሄደውን ነው። ራስሽ አይደለሽ የተረጎምሽልን? ያ በአይሱዙ ተጭኖ በጋሸና መንገድ ወደ መሀል አገር ነው የሄደው። የሆቴል በር ይሆናል፣ ጠረጴዛ ይሆናል። እዚያ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። የውጭ ገዢዎቹ ጋ ስማችን ንጹሕ ነው።»

«የደብሩ ዛፍ ነው እኮ! የአያቶቻችን መቃብር ጥላ!»

«በጦርነቱ ጊዜስ ሰዎች የቆረጡት የማን ዛፍ ነበር? እነሱን ማን ጠየቀ? እኔ እስከ መቼ ማንኪያ እጠርባለሁ?»

«በእኔ ስም ለምን ገባህ?»

መሮውን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በሌላ ስም ቢሆን አይከፍቱልኝም ነበር» አለ።

እስከ ዛሬ ከዚህ የባሰ ነገር ሰው አልተናገረኝም። ክፋት አድርጌያለሁ እያለኝ አልነበረም። ስሜን እንደ አንድ የሥራ መሣሪያው ቆጥሮ፣ እንደ ቀላል ነገር ነው የነገረኝ። በልጅነቴ ጫማዬን ጎንበስ ብሎ ያሰረልኝ ሰው ነው፤ ጎንበስ ያለ ጀርባውን እያየሁ ነው ያደግኩት። ያንን ሁሉ ዘመን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ወጣሁ።

ለአዲስ አበባው ባለሙያ ደወልኩለት። ሁሉንም፣ የወንድሜን ስም ጭምር ነገርኩት። ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ወደ ውጭ የተላከ አለበት?» አለኝ።

«የለበትም።»

«እንግዲያው ከስምምነቱ ውጭ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ለወረዳው ብታመለክቱ ይሻላል።»

«አባ ሲጠይቁ ሁለቱንም ይይዛል ብላችኋል እኮ። እኔ ነኝ የተረጎምኩት።»

«ይገባኛል» አለ። ስልኩንም ዘጋው።

ከወረዳው ሰው መጥቶ ጉቶዎቹን አየ፣ እናጣራለን ብሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ገዢዎቹ ከእኛ አካባቢ የሚመጣ የእንጨት ዕቃ እንደማይቀበሉ ሰማን። ጥርጣሬ አለበት ተባለ። እንጨቱ ድንበር አልተሻገረም፤ ወሬው ግን ተሻገረ። በወንድሜ ሥራ እጃቸውን ያላስገቡት ጠራቢዎች ሥራ ፈቱ። አንዱ ላሊበላ ገበያ መሀል አስቁሞኝ፣ «ዝም ብትዪ ምን ነበረበት? ዛፉ እንደሆነ ላይመለስ!» አለኝ። ነጠላዬን ሰብስቤ አልፌው ሄድኩ።

አባ ሕዝቡን ሲሰበስቡ ሄጄ ቆምኩ። ስሜን ተጠቅሞ የገባው ወንድሜ መሆኑን፣ እኔ ምንም እንዳላስፈቀድኩ በሰው ፊት ተናገርኩ። እናቴ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች። አባ ግዝቱን አደሱት። ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ቀለም ይኑረው አይኑረው፣ ከዚያ ደን ቅጠል የሚቆርስ እጅ የተገዘተ ይሁን አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም። ስብሰባው ሲበተን ወደ እኔ መጥተው መስቀላቸውን አሳለሙኝና፣ «አንቺን አልተቀየምንም» አሉኝ። «ግን ከእንግዲህ ሰው ይዘሽብን አትምጪ።»

ቤት ስንገባ እናቴ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ያለሽ አንድ ወንድም ነው።»

እሱ የሥራ ቤቱን ዘግቶ ወደ መሀል አገር ወረደ። የቤት ዕቃ መሥሪያ ከፍቷል፣ ተመችቶታል ይላሉ። የአገሮቹ ስምምነት ደግሞ አሁንም በንግግር ላይ ነው ሲባል አልፎ አልፎ እሰማለሁ። አስጎብኚነቴን ቀጥያለሁ፤ ለስብሰባ ትርጉም ሲጠሩኝ ግን አልሄድም።

ዘንድሮ ወንድሜ ለገና መጣ። ምእመኑ ከተማውን አጨናንቆት ነበር፤ እናቴን ደግፌ በሰው መሀል ስንሄድ ከፊታችን ብቅ አለ። ወፍሯል። የእናቴን ጉልበት ስሞ ቀና አለና፣ «እታለም፣ እንዴት ነሽ?» አለኝ።

እናቴ ታየኛለች። እጄን ጠበቅ አድርጋ ይዛዋለች። ጉንጬን ሰጠሁት፤ በአንዱ፣ በሌላው፣ ደግሞ በአንዱ ሳመኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» አልኩት። የወይራ ሽታ አልነበረውም፤ የገዛው ሽቶ ብቻ ሸተተኝ። እናቴ ሁለታችንንም በሁለት እጇ ይዛ መንገዷን ቀጠለች፤ እኔም እሱን ሳላይ አብሬ ሄድኩ።