ለመካነ ብርሃን የተጠና እንግሊዝኛ

በ፲፱፻፶፩ ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ ነርስነት ትማር የነበረችው አባይነሽ ምኞቷ አንድ ነበር፤ ተመርቃ እናቷ ዘንድ፣ ትውልድ አገሯ መካነ ብርሃን መመደብ። የቀራት የእንግሊዝኛ ፈተና ነው። የትኛው ግስ «ቱ»ን፣ የትኛው «ኢንግ»ን እንደሚያስከትል በሁለት ዓምድ ጽፋ አልጋዋ ራስጌ ለጠፈች። «አገሬ ለመመለስ ተስፋ አደርጋለሁ» በ«ቱ»፣ «የእናቴን ላሞች ማለብ ደስ ይለኛል» በ«ኢንግ»፤ ምሳሌዋ ሁሉ እንዲህ ነበር።

«ምነው አባይነሽ፣ ከመካነ ብርሃን ሌላ አገር የለም እንዴ?» አሏት መምህሯ አቶ ዳኛው እየሳቁ።

«ለእኔ የለም፣ ጋሼ።»

ፈተናውን ከሁሉ በልጣ አለፈች። የምደባው ዕለት አቶ ዳኛው ደስ ብሏቸው፣ «እንግሊዝኛሽ ሸጋ ነው፤ ለሆስፒታሉ ፈረንጅ ሐኪም እንድታስተረጉሚ እዚሁ ቀርተሻል» አሏት።

መካነ ብርሃን የደረሳት ፈተናውን በጭንቅ ያለፈችው ጓደኛዋ ታየች ናት። አባይነሽ የታየችን ጓዝ አብራት አሰረችና፣ «እናቴን ሳሚልኝ» አለቻት።