ብርድ ልብሱን ማን ይሸከም

ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ ቆሞ ሠርቷል። መስተዋቱ ከወገብ በላይ ብቻ ስለሚያሳይ ደንበኞቹ ጨዋታውን እንጂ እግሩን አያውቁም። ባቱ ላይ እንደ ገመድ የተጠማዘዘውን የደም ሥር የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች። "ታከም" ስትለው፣ "ከቀደዱኝ በኋላ ማን ያቆመኛል? መቀሴን ሰቅዬ መቅረቴ ነው" ይላት ነበር።

በመጨረሻ እግሩ እምቢ ሲለው ሊታከም ሄደ። ሚስቱም ሐኪም ቤት ተኝቶ ይከርማል ብላ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸክማ ተከተለችው።

ሐኪሟ ግን ቢላዋ አላነሳችም። ቦታውን አደንዝዛ፣ በመርፌ በበሳችው ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ አስገባችና የታመመውን ሥር በሙቀት ዘጋችው። "ደሙ በጤነኞቹ ሥሮች በኩል ይሄዳል" አለችው። ከዚያ ጥብቅ ካልሲ አጥልቃለት፣ "በሉ ይነሱ፤ ዛሬውኑ ይራመዱ" አለች።

እግሩን እንደ ሰው ዕቃ በጥንቃቄ መሬት አስነካው። ቆመለት። እንባው መምጣቱን ለመደበቅ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ "አሁን ይሄን ብርድ ልብስ ማን ሊሸከም ነው?" አላት።

"አንተ ነሃ! ተራመድ የተባልከው አንተ።"

ትከሻው ላይ ጣል አድርጎት ወጣ። በፀጉር ቤቱ በኩል ሲያልፉ ሊገባ ሲል ክንዱን ያዘችው።

"ተራመድ ነው የተባልከው፤ ቁም አልተባልክም። መቀሱ ይጠብቅሃል።"

"እሺ፣ ሁለተኛዋ ሐኪም" አላትና እየሳቀ ቀደማት።